በጥሬው የምንበላው የማን ውሃ ነው?

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ታርሟል)



ከአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ያለ የክፍሌ ልጅ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ከሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን፤ ግን እባክሽ ስላይድ አታብዢ» አለኝ። እሺ ብዬ ስላይድ የሚባል ነገር ሳልይዝ መጥቻለሁ። ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያስተማረኝ ደግሞ ሐኪም አይደለም።

አብዛኞቻችሁ የሸዋሮቢትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ የጣርማበርን ዋሻ ወጥታችሁ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ትገዛላችሁ። ከዚያ ቁልቁል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋቢያችሁን ታወልቃላችሁ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ከዚያ መስኮቱን ትከፍታላችሁ። ታች ስትደርሱ ቆላ ነው፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ማሾ። በስተምሥራቅ አፋር፣ ወዲህ አርጎባና አማራ፣ ወዲያ ኦሮሞ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት የይፋት ምድር ነው። መኪናው ለምሳ ሲቆም ከስጎው ጋር ስንግ ቃሪያ ይመጣል፣ ከበያይነቱ ጋር ሰላጣ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጁስ ይታዘዛል። እኔም እወዳለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለዚሁ፣ እሳት ሳይነካው ወደ አፋችን ስለሚገባው ነገር ነው።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በዚሁ በይፋት ቆላ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ተቋም እሠራ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ መምህር፣ አንዱ የመኪና ረዳት፣ አንዷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። የመጡት በተለያየ ቀን ስለሆነ በተለያየ ካርድ ላይ ጻፍኳቸው። ሦስቱንም «ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ምን በላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። እኔም ሦስት የተለያዩ ሕሙማን አሉኝ ብዬ ተቀመጥኩ። የወፍ በሽታ ነው፣ ዕረፍት አድርጉ፣ ፈሳሽ ውሰዱ፣ የባሕል መድኃኒት እንዳትጠጡ አልኳቸው። ምክሩ ስህተት አልነበረውም። ስህተቱ ጥያቄው ላይ ነበር።

ነፍሰ ጡሯ በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ስትናገር ቃል ይምታታባታል፤ ባሏን በወንድሟ ስም ትጠራዋለች። ጉበቷ እየደከመ መሆኑን ያኔ ገባኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ላክናት። ያን ሽቅብ መንገድ በሌሊት ወጣችው፤ አልተመለሰችም። ልጇም አልተረፈም።

ከቀብሩ በኋላ አብሮን የሚሠራ አንድ ሳኒቴሪያን፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክል ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ካርዶቹን ጠየቀኝ። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጋና «ዶክተር፣ ትናንት የበሉትንስ ጠይቀሻል። ከወር በፊት የት ነበሩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱ ራሱ እየዞረ ጠየቀ። ሦስቱም ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ነበሩ። በዚያ ሳምንት የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ለሰርጉ የሚጠጣውም፣ ሰላጣና ቃሪያ የሚታጠብበትም ውሃ በጀሪካን የተቀዳው ከመስኖ ቦይ ነው። ከቦይው ከፍ ብሎ ደግሞ ሽንት ቤት የሌላቸው ቤቶች አሉ። ሌሎች አምስት ሰዎችም ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሐኪም ቤት ሳይመጡ ቤታቸው ተኝተው አገኛቸው።

የምርመራ አቅም ስላልነበረን ቫይረሱን በስሙ ልጠራው አልችልም። ሰላጣው ይሁን የሚጠጣው ውሃ ይሁን ለይቼ አልምልም። ግን ያቺ የጋሼ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምራ አልተለየችኝም።

እስቲ ከይፋት ለጥቂት ደቂቃ ወጥተን ወደ ባሕር እንሂድ። «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገናኘን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ውጭ አገር የምትኖሩ ምሩቃን ግን ኦይስተር የሚባለውን ዛጎላም የባሕር እንስሳ ሳታውቁት አትቀሩም። ሰዎች በሕይወት ሳለ ዛጎሉን ከፍተው፣ ሎሚ ጨምቀው በጥሬው ይውጡታል። እኛ ቁርጥ ስንበላ ፈረንጅ እንደሚያየን፣ እኛም እነሱን በዚያው ዓይን እናያቸዋለን።

ይህ እንስሳ አይሄድም፣ አያድንም። ባለበት ተቀምጦ ውሃውን እያጣራ በውስጡ ያለውን ይመገባል። አንዱ ትልቅ ኦይስተር በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊያጣራ ይችላል። ውሃው ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር ከገባ ቫይረሱን እየለቀመ በሆዱ ያከማቻል፤ በውሃው ውስጥ በጣም ጥቂት የነበረው እሱ ውስጥ ብዙ ይሆናል። ራሱ አይታመምም፣ አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ በቻይናዋ ሻንግሃይ ከተማ ሰዎች ከተበከለ ውሃ የተሰበሰበ ዛጎላም እንስሳ በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል በልተው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ ታመሙ። ገዳይ መርዝ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይታወቅ ነበር። ሄፓታይተስ ኤ ግን ከ15 እስከ 50 ቀን፣ በአማካይ አራት ሳምንት ያደባል። ሰው ሲታመም የበላው ነገር ከገበያ ጠፍቷል፣ ከአእምሮውም ጠፍቷል።

እነዚያ አገሮች ይህን ምግብ ለማስተካከል ብዙ ደክመዋል። እኛን የሚጠቅመን የደከሙበት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ኦይስተሩን በንጹሕ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል አስቀምጦ ራሱን እንዲያጥብ ማድረግን ሞከሩ። ከዚያ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ይመረምራሉ፤ ከጠፋ «ንጹሕ ነው» ይላሉ። ሰው ግን መታመሙን ቀጠለ። ለካስ ባክቴሪያው ቶሎ ታጥቦ ይወጣል፤ ኖሮቫይረስ ደግሞ በእንስሳው የምግብ መፍጫ አካል ላይ ተጣብቆ ለሳምንታት ይቆያል። ባክቴሪያ ጠፋ ማለት ቫይረስ ጠፋ ማለት አይደለም።

ይህን ትምህርት ዴልሂ ቀድማ ከፍላበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ የከተማዋ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃ መሳቢያው ገባ። መሐንዲሶቹ አውቀው ክሎሪኑን ጨመሩ። የታይፎይድ በሽታ አልጨመረም። ከሳምንታት በኋላ ግን 29,000 ያህል ሰዎች ቢጫ ሆኑ፤ ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው በላይ ሞቱ። ያ በሽታ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የምንለው ነው።

ወደ ኦይስተሩ ልመለስና፣ ሎሚውስ? ሎሚ ጣዕም ይሰጣል እንጂ ቫይረስ አይገድልም። እነዚህ ቫይረሶች የሆድን አሲድ አልፈው አንጀት የሚደርሱ ናቸው፤ ለሎሚ አይሸነፉም። የሚሸነፉት ለእሳት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መመሪያ ለዛጎላም እንስሳት የሚጠቅሰው የሥጋው ውስጠኛ ክፍል 90 ዲግሪ ደርሶ ለ90 ሰከንድ እንዲቆይ ነው። ዛጎሉ ገና ሲከፈት ከእሳት ማውጣት አይበቃም። በጥሬው መብላት ለሚፈልግ ደግሞ ከፍተኛ ግፊት የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች አሉ፤ እሱም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ወደ ውሃው። እንስሳው የሚያድግበትን ባሕር በደረጃ መክፈል፣ ፍሳሽ ሲገባ መሰብሰብን መከልከል፣ የከተማውን ፍሳሽ ማጣራት። ከተሰበሰበ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማስታመም ነው።

እንግዲህ የእኛ ኦይስተር የቱ ነው?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ጥሬ ሥጋ ብላችኋል። ጥሬ ሥጋ የራሱ ጣጣ አለው፤ ኮሶውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰው ቫይረስ ግን በብዛት የሚመጣው ከበሬው አይደለም፤ ከቆራጩ እጅ ነው። የእኛ ኦይስተር ሰላጣው ነው። ቃሪያው ነው። ቲማቲሙ ነው። ጫት ለሚቅም ሰው ጫቱ ነው፤ እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጭበታል፣ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ከዚያ ከነውሃው አፍ ውስጥ ይገባል። ያ ውሃ ከየት ተቀዳ ብሎ የሚጠይቅ ቃሚ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰላጣ እንደ ኦይስተር ውሃ አያጣራም። ነገር ግን ቅጠሉ የተጨማደደ ነው፣ እጥፋት አለው፣ መሬት ይነካል፤ ቫይረስ ይጣበቅበታል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የአደባባይ ምሥጢር ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚበቅለው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የከተማውን ፍሳሽ ጠጥቶ እንደሚያድግ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ እኛም ድልድይ ላይ ቆመን በዓይናችን አይተነዋል። በእኛ በኩል ነገሩ በትንሽ በትንሹ ነው። ከላይ መንደር አለ፣ መሐል ወንዝ አለ፣ ታች ማሳ አለ። በደረቁ ወራት ውሃው ሲያንስ የሰው ቆሻሻ ድርሻ ይጨምራል። በክረምቱ መጀመሪያ ደግሞ ጎርፉ ሜዳ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ቦይ ያስገባዋል። አካባቢያችን ያየውን ታውቃላችሁ፤ በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ፣ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ሰው በየሜዳው ሲሰፍር መጀመሪያ የሚጠፋው ሽንት ቤት ነው፤ ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ ወረርሽኙ ተነሥቶ ነበር።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተነሣውን የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ መርምረው አሳትመዋል። በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት ጽፈዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያንን አንብቤ ፈተና ላይ መልሻለሁ። ነፍሰ ጡሯ ፊቴ ስትቀመጥ ግን አላስታወስኩትም። ይህን የምነግራችሁ ለንስሐ ሳይሆን፣ ዕውቀት ካርድ ላይ ካልወረደ ዕውቀት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሄፓታይተስ ኢ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት የያዛቸውን እናቶች ከአምስት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል።

ስለ ግመል ወተትም አንድ ነገር ልበል፤ በእኛ በኩል በጥሬው የሚጠጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የጉበት ንቅለ ተከላ የተደረገለት፣ የግመል ሥጋና ወተት አዘውትሮ የሚመገብ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው በግመል ላይ በሚገኝ የሄፓታይተስ ኢ ዓይነት መያዙ ተዘግቧል። በኢትዮጵያ ግመሎች ደም ላይም ቫይረሱን ያወቁ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኝተዋል። አንድ ሰው ታመመ ተብሎ የአፋርን ወተት መክሰስ አይገባም፤ አርብቶ አደሩን ያኖረው እሱ ነው። ነገር ግን ለነፍሰ ጡርና የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው «እባክሽ አፍልተሽ ጠጪ» ማለት ምንም አያጎድልብንም።

አሁን ደግሞ አንድ ግር የሚል ነገር። ድሮ ሄፓታይተስ ኤ ለእኛ ችግር አልነበረም ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ትንሽ ልጅ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ እንኳ ሳይሆን ያልፋል፣ ዕድሜ ልኩንም ይጠበቃል። አዋቂ ሲይዘው ግን ከአሥሩ ሰባቱ ቢጫ ይሆናሉ፤ ለሳምንታት ይተኛሉ፣ ጥቂቶቹ ይሞታሉ። አሁን የእናንተ ልጆች የታሸገ ውሃ እየጠጡ፣ በቧንቧ ውሃ እየታጠቡ አድገዋል፤ እሰየው። ግን ቫይረሱን ሳያውቁት አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላቸዋል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ወይም ለእረፍት አያት ጋ ቆላ ይወርዳሉ፣ ሰላጣ ይበላሉ። ግማሽ መንገድ የተሄደ ንጽሕና በሽታውን ከሕፃኑ ወደ ወጣቱ ያሻግረዋል። መልሱ ወደ ቆሻሻው መመለስ አይደለም፤ መንገዱን መጨረስ ነው። ለሄፓታይተስ ኤ ክትባት አለ፤ በአገራችን መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ባይኖርም አቅም ያለው ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሄፓታይተስ ኢ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2011 የፈቀደችው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2022 ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ቤንቲዩ ላይ፣ ለወረርሽኝ መከላከያ ተሰጥቷል። የሮታቫይረስን ክትባት እኛም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት እየሰጠን ነው። ለኖሮቫይረስ ግን እስካሁን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከወጥ ቤት ልጀምር፤ ቤት ስንገባ ሁላችንም እዚያ ነን።

አቸቶ አትመኑ። እናቶቻችን ሰላጣውን አቸቶ በገባበት ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ትሉ ይወጣል፣ አሸዋው ይወርዳል። ቫይረሱ ግን እዚያው ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮልም ለኖሮቫይረስ ደካማ ነው፤ ሳሙናና የሚወርድ ውሃ ይሻላል። የሚሠራው በቅደም ተከተል ይኸው ነው። የሚበስለውን አብስሉ፤ የሚላጠውን እጃችሁንና ቢላውን ታጥባችሁ ላጡ። በጥሬው የግድ የሚበላውን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል ለይታችሁ አፈሩን አስለቅቁ፤ አፈር ካለ ክሎሪኑ በአፈሩ ላይ ያልቃል። ከዚያ ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ በ3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በሚጠጣ ውሃ አለቅልቁ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቡ፤ ሁሉም አንድ አይደለም። በረኪናና አቸቶ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቫይረሱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች፣ በተለይ የወፍ በሽታ በተሰማበት ሰሞን፣ ቲማቲሙን ለብለብ አድርጉላት። ጎመኑ ይብሰል። ሰላጣው ይቅር። ስትወልድ ትበላዋለች።

ቀጥሎ ምግብ ቤትና ሰርግ ቤት። ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሰው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ምግብ አይንካ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ከሆነ ቢጫው ከታየ አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ይራቅ። ኖሮቫይረስ ሰው ለማሳመም ሃያ የማይሞላ ቅንጣት ሊበቃው ይችላል። አሳላፊዋ ደመወዟ እንዳይቆረጥ ፈርታ ታማ የምትመጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። የሁለት ቀን ደመወዟን መክፈል ለባለቤቱ ከአንድ ሰርግ ሙሉ ታማሚ ይቀልለዋል።

ከዚያ ማሳው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ፤ ገበሬውን ከስሰን ብንወጣ የሚያተርፍ የለም። በቆሻሻ ውሃ የሚያጠጣው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለው ውሃ ያ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በደረጃ ያየዋል፤ አንድ ትልቅ መፍትሔ ከመጠበቅ ብዙ ትናንሽ አጥሮችን መደርደር። ጥርጣሬ ባለበት ውሃ የሚበስለውን፣ ሽንኩርቱን፣ ማሾውን፣ በቆሎውን ማልማት፤ በጥሬው የሚበላውን ለጉድጓድ ውሃ ማቆየት። ውሃውን ከላይ ከመርጨት በቦይ ወይም በጠብታ ሥሩ ላይ ማድረስ። ከመሰብሰቡ በፊት ለተወሰኑ ቀናት ማጠጣት ማቆም፤ የቆላ ፀሐይ ቫይረስ በመግደል ከእኛ ይበልጣል። ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ለገበያ እንዲያምር በቦይ ውሃ አለማጠብ። ይኸኛው ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ያደገ ቲማቲም የሚበከለው በመጨረሻዋ እጥበት ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ያለው ነው፤ ሽንት ቤቱና ቧንቧው። ኦይስተር የሚበሉት አገሮች ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት እዚያ ነው። ውሃው ካልጸዳ የወጥ ቤቱ ድካም ሁሉ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን ልምጣ። እዚህ የተቀመጡ መምህራን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ለምን እንደተከፈተ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ አገሪቱ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረች፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን። ሦስቱም እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው ወጥተው፣ አብረው አድረው ይማሩ ነበር። ያ አሠራር የገባውን እኛ ሐኪሞች ኋላ ላይ በጥቂቱም ቢሆን የረሳነው ይመስለኛል። እኔ ሦስት ካርድ አየሁ፤ ጋሼ አንድ ውሃ አየ። እሱ ከእኔ በላይ ፋርማኮሎጂ አያውቅም። የተማረው ግን ከካርዱ ወደ ቦይው መሄድን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መምህሮቻችን፣ የሕክምና ተማሪውን ከአካባቢ ጤና ተማሪው ጋር አንድ ቀን እንኳ ወንዝ ዳር አውርዱልን፤ ሰላጣ የሚበቅልበትን ያሳዩት፣ ከዚያ ዋርድ ይመለሱ። ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ የሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ምርመራ ከሪፈራል ሆስፒታል ወርዶ ቆላ ድረስ እንዲደርስ ድምፃችሁን አሰሙ፤ ስም የሌለው በሽታ በጀት አያገኝም። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድም እህቶቻችን፣ ለትውልድ ቀያችሁ ገንዘብ ስታዋጡ አልትራሳውንድ መግዛቱ ደስ ይላል፤ ፎቶውም ያምራል። የትምህርት ቤት ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ግን ፎቶው ባያምርም ብዙ ጉበት ያድናል።

ክሊኒክ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ ትናንት የበላውን ጠይቁ፣ አይከፋም። ግን እዚያ አታቁሙ። «ከአራት ከአምስት ሳምንት በፊት የት ነበርክ? ምን ድግስ ነበር? ውሃው ከየት ተቀዳ? ሌላስ ማን ታሟል?» በሉ። ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆኗን ጠይቁ፤ ከሆነች ቀጠሮ ሰጥታችሁ አትሸኟት፣ አስተኟት። ሁለተኛው ታማሚ ሲመጣ ካርዱን ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጡት።

ጋሼ ጡረታ ወጥቷል፤ ዕድሜ ይስጠው። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ሰላጣ አቀረቡ። እጄን ልዘረጋ ስል እሱ ሳቅ አለና «ዶክተር፣ አትጠይቂም እንዴ?» አለኝ። «ውሃው ከየት ነው ጋሼ?» አልኩት። «ከጉድጓድ፤ በረኪና አይቷል፤ ብይ» አለኝ። በላሁ።

እግዚአብሔር ያገናኘን፤ የከርሞ ሰው ይበለን።